ለክቡር የአንገት ሕመም፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ውልና ያለ ኪራይ ስለያዙት ማጅራቴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለስኬትዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ስንት ኃያል ገዢ በጦር ሞክሮ ያቃተውን፣ የሰውን ልጅ በጅምላ አንገት ማስደፋትን፣ እርስዎ መዳፍ በማታህል ስክሪን ያለ አንዳች ግርግር ፈጽመውታል። «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» እያልን ስንተርት የኖርን ሁሉ ዛሬ አንገት ደፊዎች ሆነናል፤ ደግነቱ የምናጠፋው ባትሪ ብቻ ነው።

ጭንቅላቴ በውስጡ ምን እንደያዘ ቢያከራክርም ክብደቱ አያከራክርም። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ እሱም ቀና ሲል ነው። ኬነት ሀንስራጅ የተባሉ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ስሌት፣ ጭንቅላት 60 ዲግሪ ወደ ፊት ሲያዘነብል በአንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል። ስሌቱ የተሠራው በኮምፒውተር ሞዴል እንጂ በሕያው አንገት ላይ ስላልሆነ ቁጥሩን ሙጭጭ ብዬ አልይዘውም። እርስዎም ቢሆኑ ሒሳብ ሲያወራርዱ በዲግሪ አይደለም።

እንዲያውም ምስጢርዎን ደርሼበታለሁ። ጉብጠት የእርስዎ ሎሌ ነው፤ ጌታዎ አለመንቀሳቀስ ነው። እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው እንኳ ለሰዓታት ሳይነቃነቅ ከዋለ ከማጅራት እስከ ትከሻ የተዘረጋው ጡንቻው ደርቆ ይጠብቅዎታል። አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይባላል። ሰባት አጥንቶች ተደርድረው የተሰጡን ለዚሁ ነበር፤ እኛ ግን የማየቱን ሥራ ለአውራ ጣታችን አሳልፈን ሰጥተናል።

ላፕቶፕን ለፈጠረልዎ ሰውማ ሐውልት ሊያቆሙለት ይገባል። ስክሪኑና ኪቦርዱ እንዳይፋቱ ተደርገው የተጋቡ ናቸው፤ ለዓይን ሲመች እጅ ይንጠለጠላል፣ ለእጅ ሲመች አንገት ይሰበራል። በዚህ ረገድ የፈጸምሁትን የአመፅ ድርጊት ከሌላ ከሚሰሙ ከእኔው ይስሙ። ሳይነበቡ የከረሙ ወፋፍራም መጻሕፍትን ከላፕቶፑ ሥር ደርድሬ የስክሪኑን የላይኛ ጠርዝ ከዓይኔ ትይዩ፣ ቢበዛ ትንሽ ዝቅ አድርጌ፣ በክንድ ርቀት አቁሜዋለሁ። ለእጄ ሌላ ኪቦርድና ማውስ አቅርቤ ክርኔን አሳርፌአለሁ። (ደራሲዎቹ ይቅር ይበሉኝ፤ በመጨረሻ ግን ሥራቸው ቀና አድርጎኛል።) ከታች በኩል የሚነበብበት መነጽር የሚያደርግ ወዳጄ ግን ስክሪኑን ከዚህም ዝቅ ማድረግ አለበት፤ አለዚያ አገጩን ሽቅብ ሲያንጋጥጥ እርስዎ በኋላ በር ይገባሉ።

ሌላም አለ። በየግማሽ ሰዓቱ እነሣለሁ። አገጬን ወደ ኋላ ስቤ ለጥቂት ሰከንድ እይዛለሁ፤ መልክን እንደማያሳምር አውቃለሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼም ዝም ብለው አላለፉኝም። የትከሻ አጥንቶቼን ወደ ኋላ አጠጋግቼ እለቃለሁ። ስልክ በጆሮና በትከሻ መካከል ቆንጥጦ ማውራትም ቀርቷል።

ደጋፊዎችዎ ግን ብዙ ናቸው። አንዱ አንገት ማሰሪያ ይሸጥልኛል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ማሰሪያ ጡንቻን ከማስነፍ ያለፈ ጥቅም የለውም። ሌላው «ልጠምዝዝህና ቀጭ ይበል» ይለኛል። ሦስተኛው ተኛ ይለኛል፤ መኝታ ደግሞ የእርስዎ የድል በዓል ነው። ሞቅ ያለ ጨርቅና ለስለስ ያለ እንቅስቃሴ ሲደርስብዎ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጓዝዎን እንደሚጠቀልሉ ሳላውቅ ቀርቼ አይምሰልዎ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። በእርስዎ ስም የሚመጡ ሌሎች አሉ፦ ወደ ክንድ የሚወርድ መደንዘዝና ድካም፣ ከትኩሳትና ከብርቱ ራስ ምታት ጋር የሚመጣ የአንገት መገተር፣ ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ የሚነሣ ሕመም። እነዚህን ደብዳቤ አልጽፍላቸውም፤ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ አቀርባቸዋለሁ።

ስለዚህ ማጅራቴን በአስቸኳይ ለቀው እንዲወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለስልኬ፣ ከዚህ በኋላ ከፊቴ ትይዩ ከፍ ብሎ እንዲገኝ፤
በሆዴ ስተኛ ለሚያየኝ ትራስ፣ እንዲያጋልጠኝ፤
ለግራ ትከሻዬ፣ ለመረጃ ያህል።