ያለ ኢንተርኔትም ይጀመራል

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ዌብ ዲዛይን (የድረ-ገጽ ሥራ) ለመማር ፈጣን ኢንተርኔትና ውድ ላፕቶፕ ግድ ነው ይላል። አልስማማም። እኔ የተማርኩት ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ካለች ትንሽ ማሰልጠኛ በአሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ድረ-ገጽ የሚሠራበት ኮድ፣ ኖትፓድ በሚባለው ቀላል የዊንዶውስ መጻፊያ ላይ ይጻፋል፣ በብሮውዘር ይከፈታል፤ ኮኔክሽን አይጠይቅም። ያስቸገረን መብራት ነበር። ድርግም ሲል ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ውሃ በላው። (እጃችን ሴቭ የሚያደርገውን ኮንትሮል ኤስ የለመደው ያኔ ነው።)

ጽሑፉ የዘለለው ግን የአማርኛውን ጉዳይ ነው። በድሮው ኖትፓድ ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥበትን ስልት) አማርኛንም በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ካላደረጋችሁት ፊደላችን የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። በገጹ ኮድ አናት ላይም ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ግለጹ። የግዕዝ ፎንት (የፊደል ቅርጾች ፋይል) የሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳያል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት በነጻ ይገኛል፤ ከገጹ ጋር አያይዙት። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕትማ ይቆያችሁ፤ መጀመሪያ የገጹን መልክ የሚወስነውን ሲኤስኤስ ተረጋግታችሁ ልመዱት።