«ኸርት» የጆኒ ካሽ ድርሰት አይደለም

«ናይን ኢንች ኔይልስ ያለ ልክ ነው የተካበው፤ ምርጡ ዘፈናቸው ‹ኸርት› እንኳ የጆኒ ካሽ ነው» ላልከው ወዳጄ፦ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዘፈኑን የጻፈው የአሜሪካው ሮክ ባንድ የናይን ኢንች ኔይልስ መሪ ትሬንት ሬዝነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ዘ ዳውንዋርድ ስፓይራል» አልበም መዝጊያ ነው። የካንትሪ ዘፋኙ ካሽ በራሱ መንገድ የተጫወተው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2002 ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የካሽ ቪዲዮ አንጀት ይበላል። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ የፒያኖውን ክዳን ቀስ ብሎ ሲዘጋ ያየ ሰው፣ ዘፈኑ የእሱ የሕይወት ታሪክ ቢመስለው አይገርምም። በ2003 ደግሞ አረፈ።

ግን እስቲ የመጀመሪያውን በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ሬዝነር የሚዘፍነው በሹክሹክታ ነው። ጊታሩ ላይ ሆን ተብሎ የገባች፣ ከዜማው ጋር የማትስማማ ኖታ አለች። ጆሮህን ትሻክረዋለች፣ ግን አትለቅህም። መጨረሻ ላይ የተዛባ የጊታር ድምፅ ድንገት ይፈነዳል። ከዚያ ረጅም ጉርምርምታ ሆኖ ይከስማል። ካሽ ይህን ሁሉ አውጥቶ በአኩስቲክ ጊታርና በፒያኖ ሲጫወተውም ዘፈኑ አልፈረሰም። ለእኔ የድርሰቱ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ጫጫታው ካልተመቸህ መብትህ ነው፣ በጣዕም አልከራከርህም። ደጋፊዎችም ብትሆኑ «ኢንደስትሪያልን (ማሽን መሰል ጫጫታ የበዛበትን የሙዚቃ ስልት) የፈጠሩት እነሱ ናቸው» አትበሉ። ስያሜው የመጣው በ1976 እንግሊዝ ውስጥ ትሮቢንግ ግሪስል የተባሉ ሙዚቀኞች ካቋቋሙት «ኢንደስትሪያል ሬኮርድስ» የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ነው። ናይን ኢንች ኔይልስ የተመሠረተው በ1988 ነው።