ለጫጩት ሌባ ደመወዝ

ታይላንድ ውስጥ ወፍ ማሳየት ደህና እንጀራ ሆኗል። ቱሪስቱ የሚደበቅበት ድንኳን ይተከላል፣ ትል ይበተናል፣ የወፏ ድምፅ በስልክ ይከፈታል። ቱሪስቱ ካሜራውን ደግኖ ይጠብቃል። ወፏ ትመጣለች፣ ቀጭ ቀጭ ያደርጋታል፣ ወደ ሌላ ድንኳን ያልፋል። ደስ ይበለው። ግን ምን አየ? ወፍ ትል ስትለቅም።

የወፍ ጠባይ የሚታየው ወፏ ሰው መኖሩን ስትረሳ ነው። ትልቁን ሆርንቢል፣ ያን ግዙፍ ምንቃር ያለውን የእስያ ወፍ ልጥቀስ። የእኛ እርኩም የሩቅ ዘመዱ ናት፤ እሷ ግን የጎጆዋን በር አትዘጋም። የእስያዋ ሴት ሆርንቢል እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩን በኩስና በምግብ ትራፊ ትመርገዋለች። ምንቃር የሚያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። እዚያው ውስጥ የክንፍ ላባዋን ትቀይራለች። ለወራት ቀለቧ ከባሏ ነው።

ባልየው ሲመጣ የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ግንዱ ላይ ተለጥፎ፣ በጉሮሮው የያዘውን የሾላ ዘር ፍሬ አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቁ ያቀብላታል። ሰው ካየ ግን ድርሽ አይልም። ሌላ ዛፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። ካሜራ የያዘው ሰውዬ «ዛሬ ወንዱ ቀረ» ብሎ ይሄዳል፤ ውስጥ ያለችው ግን በእሱ ምክንያት ጦሟን ውላለች።

ይህን ጠባይ አብጠርጥረው ከሚያውቁት መካከል ጫጩት ሌቦች ነበሩ። በደቡብ ታይላንድ ቡዶ ተራራ መንደርተኞች ዛፍ ላይ ወጥተው ጫጩት እያወረዱ ይሸጡ ነበር። ፕሮፌሰር ፒላይ ፑንስዋድ ካኦ ያይ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 የሆርንቢል ጥናት የጀመሩ ሴት ናቸው። በ1990ዎቹ ቡዶ ላይ ሥራ ሲጀምሩ ሌቦቹን ከማሳደድ ይልቅ ቀጠሯቸው። ከተሜው አንድ ጎጆ «በማደጎ» ይይዛል፣ ገንዘቡ ለጠባቂዎቹ ይደርሳል። እነሱ ደግሞ ወንዱ መቼ እንደመጣ፣ ምን ፍሬ እንዳመጣ ይመዘግባሉ። ሆርንቢል ራሱ ዛፍ መፈልፈል ስለማይችል፣ ወለሉ የሰመጠ ወይም በሩ የጠበበ ቀዳዳ ሲያገኙ ይጠግናሉ።

«ሌባ መሸለም ነው» የሚል አይጠፋም። ይሁን። ከከተማ የተላከ ዘበኛ የትኛው ዛፍ ውስጥ ጎጆ እንዳለ በምን ያውቃል? ጫጩት ደግሞ የሚሸጠው አንዴ ነው። ጎጆው ግን ጥንዶቹ በየዓመቱ ወደዚያው ስለሚመለሱ፣ ለጠባቂው በየዓመቱ ይከፍላል።

ድንኳን አከራዮቹም የአገሬው ሰዎች ናቸው፣ እንጀራቸውን መንካት አልፈልግም። አስጎብኚዎቹ ግን ከእያንዳንዱ ጉብኝት ለጎጆ ጠባቂዎች የሚሆን ይቁረጡ። ጎጆ ሥር በስልክ ድምፅ መክፈት ይቅር። ወንዱ ምግብ ይዞ ሌላ ዛፍ ላይ ከቆመ ደግሞ፣ «ዞር በሉ» የማለት ሥልጣኑ የዚያ የቀድሞ ሌባ ይሁን።