«አፊኒ» ሳይባል የተጠራ ስብሰባ

ስለ ነዋሪዎች ተሳትፎ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ነዋሪው በስብሰባ የማይሳተፈው በግንዛቤ ማነስ ነው የሚሉ ጥናቶችን ጠቅሷል። እኔ ሐዋሳ ኖሬ ያየሁት ሌላ ነው። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ ወደ ነገሩ ከመግባት በፊት «አፊኒ?» ይባላል፤ «ሰምታችኋል?» ማለት ነው። መጀመሪያ መስማት፣ ከዚያ መመካከር። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነውን የፍቼ ጨምበላላንም ቀን አያንቶዎች የሚባሉት የቀን አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ይቆርጡታል፤ ለየጎሳው ይነገራል፤ ሕዝቡም የበዓሉን አደባባይ ጉዱማሌን ይሞላል። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው ይህ በዓል ያለ መረጃ እንዴት ጸንቶ ይቆይ ነበር?

በእኛ ሰፈር ግን ስለ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ የተጠራው ስብሰባ ማስታወቂያ የተለጠፈው በዋዜማው ማታ ነው፤ ያውም ዝናብ ባራሰው ወረቀት፣ ቀኑ የማይነበብ። እናቴ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው ቆመው ተመለሱ። እሳቸውን ግንዛቤ የሌላቸው የሚል ተመራማሪ በጣም ያሳዝነኛል። የመረጃ ነጻነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 እኮ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ያዛል።

አጥኚዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ መጠይቅ አስሞልታችሁ አትጥፉ። ያገኛችሁትን በሲዳምኛና በአማርኛ አሳጥራችሁ፣ መልስ ለሰጧችሁ ሰዎች ተመልሳችሁ አንብቡላቸው።