የድሬን የቀትር እረፍት አትንኩብን

ሰሞኑን ስለ ኢንቨስትመንት በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ የተሰነዘረ ሐሳብ አለ። ድሬዳዋ ለውጭ ሰው አልመች ያለችው ሱቁም ቢሮውም በቀትር ስለሚዘጋ ነው፤ ስለዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ እስከ 9 እና 10 ሰዓት የሚዘልቀው እረፍት ቀርቶ እንደ አዲስ አበባ ይሠራ ነው የተባለው። ለማሳመኛ የተጠራችው ደግሞ ዱባይ ናት፦ ከድሬ ትሞቃለች፣ ግን አትተኛም። ጭብጨባም አላጣም።

ይህ ክርክር ገና ከአፍ ሲወጣ የወደቀ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ማንም አሠሪ ሠራተኛውን ፀሐይ ላይ እንዳያሠራ ከልክላለች። የጣሰ ይቀጣል። ሳዑዲ ዓረቢያም ተመሳሳይ ክልከላ አላት። በባቡሩ ሌላኛው ጫፍ ያለችው ጂቡቲም ቀትር ላይ ሱቆቿን ትዘጋለች። ድሬ ማንም ሳያስገድዳት በልማድ የያዘችውን ሀብታሞቹ አገሮች በቅጣት ነው ያስከበሩት። ዱባይን ምስክር አድርጎ የጠራ ሰው፣ ምስክሩ ዞሮ ለእኛ ሲመሰክር ሊያፍር ይገባዋል።

ደግሞስ የውጭ ሰው ለድሬ መቼ ብርቅ ሆኖ ያውቃል? ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የሐረርን ተራራ ሳይወጣ እዚህ ሜዳ ላይ ሲቆም ነው። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ፣ ጣሊያኑ እዚህ ሠርቷል፣ ነግዷል፣ ልጅ አሳድጓል። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር የቀየሱት የባቡር ሰዎች ናቸው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳውን፣ ከፍ ያለውን ጣሪያ፣ ሰፊውን በረንዳና መንገዱን ያለበሰውን የዛፍ ጥላ ያየ ሰው ቀትርን ቤት ውስጥ ለማሳለፍ የተነደፈ ሰፈር መሆኑን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻውም።

ጉዳዩ የሙቀት ስሌት እንጂ የስንፍና አይደለም። ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ከ6 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነው። አየሩ ግን ከሁሉ የሚብሰው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ መሬቱ፣ አስፋልቱና ቆርቆሮው የጠጡትን ሙቀት መልሰው የሚተፉት ያኔ ነውና። በግንቦትና በሰኔ በጥላ ሥር 35 ዲግሪ የተለመደ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ይዘገያል፤ ከሰዓት በኋላ የተቀበለውን ወደ ክፍሉ የሚለቀው ማታ ነው። ለዚህ ነው ሰው እስከ ሌሊቱ 5 እና 6 ሰዓት በረንዳ ላይ የሚያመሸው፤ አልጋው ራሱ ይሞቃል። ለዚህም ነው ድሬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የምትነቃው፤ ቀዝቃዛዋ ሰዓት እንዳታመልጣት። እንግዲህ አስሉት። ሌሊት 6 ሰዓት ተኝቶ 11 ተኩል የሚነሳ ሰው የተኛው አምስት ሰዓት ተኩል ነው። የቀትሯ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ትርፍ አይደለችም፤ ከሌሊቱ ላይ የጎደለችው ናት። እሷን ከሰው ላይ ወስዳችሁ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ እጅ እናገኛለን ብላችሁ ነው?

አዲስ የሚመጣው ባለሙያ፣ ከቤጂንግም ይምጣ ከሮም፣ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን የሌላ አገር ፕሮግራም ይዞ ይመጣል። ማታ 4 ሰዓት ላይ በጋለ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ እስከ እኩለ ሌሊት ይገላበጣል፣ ጠዋት ቀዝቃዛዋን ሰዓት በእንቅልፍ ያሳልፋል፣ ከዚያ 7 ሰዓት ላይ ጉዳይ ሊፈጽም ይወጣል። በሳምንቱ ራሱን ያመዋል፣ ጡንቻው ይሸመቅቀዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ምግቡ አልተስማማኝም ይላል። ምግቡ ምንም አላደረገም! ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ሥራው ጠዋት ላይ መሆን አለበት፣ ውሃውም ሳይጠማ መጠጣት አለበት። ኦአርኤስ የሚባለው የጨውና የስኳር ዱቄት በአጠገብ ከሌለ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከአፉ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ በቀስ መጠጣት ነው። ጨው ሲበዛ ይጎዳልና በግምት አይጨመርም። ንግግሩ ከተወላገደ ወይም ቆዳው እየጋለ ላቡ ከቆመ ግን ጊዜ ሳያጠፉ ጥላ ሥር አድርጎ፣ ሰውነቱን በውሃ እያራሱ፣ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ሐረር አይዘጋም፣ ድሬ ለምን ይዘጋል የሚሉም አሉ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ከሐረር ወደ ድሬ የሚወስደውን የደንገጎን ጠመዝማዛ የወረደ ሁሉ የመኪናውን መስኮት የት ላይ እንደሚከፍት ያውቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደው የመስታወት ሕንፃና የኤሲ ነገር ነው። ቀትሩን በኤሲ እናልፈዋለን ይሉናል። አንድ 12,000 ቢቲዩ የሚባለው ኤሲ ሲሠራ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል፤ የጣሪያ ቬንትሌተር 60 ወይም 70 ዋት ይበቃዋል። አንድ ኤሲ በሚበላው መብራት አሥራ አምስት ቬንትሌተር ይዞራል ማለት ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ መስኮቱ የማይከፈት የመስታወት ሕንፃ ምጣድ ነው። መብራት ደክሞ ሲመጣም የሚቃጠለው ኮምፕሬሰሩ ነው፤ የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ከሌለ፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣም ኤሲው ሦስት አራት ደቂቃ ሳይቆይ ከተነሳ ዕድሜው አጭር ነው። ይህን ለእንግዳው የሚነግረው ደላላ የለም።

የሚነግረው ቢኖር እንዲህ ይለው ነበር፦ ቤቱን ለማየት ጠዋት አትሂድ፣ 10 ሰዓት ላይ ሂድ። የመኝታ ቤቱን የምዕራብ ግድግዳ በመዳፍህ ንካው፤ ከጋለ ሌሊት አትተኛም። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ መኖሩን፣ በመካከሉም አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ መኖሩን እይ። መስኮቶቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ ይሁኑ። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን መስኮትና መጋረጃ ዝጋ፣ ከመሸ በኋላ ሁሉንም ክፈት፤ አዲስ ሰው በቀን ከፍቶ በሌሊት ይዘጋል፣ ከዚያ ቤቱ ሞቀኝ ይላል። ጣሪያ ላይ ያለው ጥቁር ሮቶ ቀትር ላይ ውሃውን ስለሚያግለው መታጠቢያህን ንጋት ላይ በባልዲ ቅዳ። የቀዳኸውን ክደነው፣ በርሜሉንም በየሳምንቱ ውስጡን ፈግፍገህ እጠበው፤ በ2013 በፈረንጆቹ ከተማዋን ያመሰው የደንጊ ትኩሳት ትንኝ የሚራባው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው፣ የሚነክሰውም በቀን ነው።

በግንባታ ቦታም ቀትርን የማያከብር ዋጋውን ይከፍላል። ቀን 7 ሰዓት ላይ አርማታ ያፈሰሰ ተቋራጭ ውሃው ከላይ ቶሎ ስለሚተን ገና ሳይጠነክር ይሰነጠቅበታል። ሠራተኛው እንዲላላለት ብሎ ውሃ ይጨምራል፣ ጥንካሬው ይወርዳል። ጠጠሩና አሸዋው ጥላ ሥር ውለው፣ ሙሌቱ ንጋት ላይ ተጀምሮ ከ4 ሰዓት በፊት ካለቀ፣ ከዚያም ቢያንስ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ከጠጣ ይጸናል። የድሬ ግንበኛ ይህን ያውቃል። የማያውቀው በሌላ አገር ሰዓት ሥራ የሚያዘው ነው።

ጫት ነው የሚያስዘጋቸው የሚለውም ወሬ ይብቃ። ኧረ አቦ! በመጋላ ጫት ነክታ የማታውቅ ሽሮና በርበሬ ሻጭ እናት እኮ ቀትር ላይ መዝጊያዋን ታወርዳለች። በርጫ፣ ማለትም ለጫት፣ የሚቀመጥ ይቀመጣል፤ ቢሮ ብትከፍቱለትም ልቡ እዚያ ነው። በእሱ ሰበብ የቀረውን ከተማ ከእንቅልፍ ማስነሳት ግን ግፍ ነው። ዓርብስ? በጁምዓ ሰዓት ማን እንዲያስተናግድላችሁ ነው?

ፋርማሲና ሐኪም ቤት በተራ ክፍት ይሁኑ፣ ይህ ሲሆንም የኖረ ነው። ሱቆችም በራቸው ላይ መቼ ዘግተው መቼ እንደሚከፍቱ ይለጥፉ፤ እንግዳው የኛን 10 ሰዓት በራሱ 10 ሰዓት ተርጉሞ ረፋድ ላይ መጥቶ እንዳይጉላላ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ከዚህ አልፎ ለውጭ ሰው የምር ያሰበ ካለ ጠዋቱን ያስተካክል። ቢሮ 1 ሰዓት ላይ ይከፈት፣ ባለጉዳይም 1 ሰዓት ላይ ይስተናገድ። ኢንቨስተሩን የሚያባርረው ቀትር ላይ የተዘጋ በር አይደለም፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተከፍቶ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነገ ና የሚባልበት በር ነው።