አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ የሚሲሲፒ ደመወዝና የግብር ቅነሳው

እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ጀምሮ የአሜሪካዋ ግዛት የሚሲሲፒ የገቢ ግብር 4 በመቶ ሆኗል። ገዥው ቴት ሪቭስ በመጋቢት 2025 የፈረሙት ሕግ በ2030 ወደ 3 በመቶ ያወርደዋል፤ ከዚያም የግዛቲቱ ገቢ እየታየ እስኪጠፋ ድረስ ይቀንሳል። ግብር ሲቀነስለት የሚከፋ ሰው የለም። የሚያበሳጨው ከሕጉ ጋር አብሮ የሚዘመረው ነው፦ ደመወዛችንን ከአገሪቱ አማካይ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም፣ እዚህ ኑሮ ርካሽ ነው፣ ሥራ አጥነታችንም ዝቅተኛ ነው።

በሥራ አጥነቱ እንጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። በመንግሥት ቆጠራ ሥራ አጥ የሚባለው በዋናነት ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ የፈለገና ቢያገኝ ለመጀመር የተዘጋጀ ሰው ነው። ፈልጎ ፈልጎ የሰለቸው፣ መኪና ስለሌለው ፋብሪካው የራቀበት፣ ልጅ የሚይዝላት አጥታ ቤት የቀረች እናት ከቁጥሩ ውጭ ናቸው። ከ16 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 የሚሲሲፒ ነዋሪዎች የሚሠሩትና ሥራ የሚፈልጉት አንድ ላይ 56 አካባቢ ናቸው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን 62 ይሆናሉ። በሁለቱም ቦታ 4 በመቶው ሥራ አጥ ነው እንበል፤ ሚሲሲፒ ውስጥ 54 ሰው ሲሠራ በአገሪቱ ደግሞ ወደ 60 ሰው ይሠራል። ከየመቶው ስድስት ሠራተኛ ጎድሎ ሳለ "ሥራ አጥነታችን ዝቅተኛ ነው" ይባላል። የአካል ጉዳተኛው ቁጥር ስለሚበዛ ነው የሚሉም አሉ። ይህ ደግሞ ማስተባበያ መሆኑ ነው?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ወደ "ርካሽ ኑሮ"። የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2023 ባደረገው የደመወዝ ጥናት የአገሪቱ አማካይ ዓመታዊ ደመወዝ 65,470 ዶላር፣ የሚሲሲፒ 47,570 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 17,900 ዶላር ነው። አማካዩን የካሊፎርኒያና የኒው ዮርክ ሀብታሞች ሰቅለውት ነው ለሚል፣ ሠራተኛውን በደመወዝ ቅደም ተከተል አሰልፈን መሐል ላይ የቆመውን እንጠይቀው። የአገሪቱ 48,060 ዶላር ያገኛል፤ የሚሲሲፒው 40,000 አይሞላም።

ኑሮው ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። የአገሪቱ የዋጋ ደረጃ 100 ቢሆን የሚሲሲፒ 87 ወይም 88 ነው። እንግዲህ 47,570ን ለ0.87 እናካፍለው፣ ለርካሽነት ተሟጋቾች የሚመቸውን ቁጥር መርጠን። ውጤቱ 54,700 ገደማ ነው። ርካሽነቱን ሁሉ ቆጥረንላቸው እንኳ ከአገሪቱ አማካይ ወደ 11,000 ዶላር ይጎድላል። ሒሳቡ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ግን መዝሙሩ አላለቀም።

ለመሆኑ ርካሹ ምንድን ነው? በዋናነት የቤት ኪራይ ነው። ቶዮታ በሚሲሲፒ ዋና ከተማ ጃክሰን ላይም ቦስተን ላይም ያው ቶዮታ ነው። የስልክ ክፍያው፣ የመኪና ጎማው፣ የትምህርት ብድሩ የወር ክፍያ ሚሲሲፒ ስለገባ አይቀንስም። ፀጉር ማስተካከልና ልጅ ማስጠበቅ ርካሽ ከሆኑ ደግሞ አስተካካዩና ሞግዚቷ የሚከፈላቸው ትንሽ ስለሆነ ነው። ርካሽነቱ ራሱ የደመወዙ ጥላ ሆኖ ሳለ ለደመወዙ ማካካሻ ተብሎ ይቀርባል!

የጡረታውን ነገር ደግሞ ማንም አያነሳውም። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የፌዴራሉ ጡረታ የሚሰላው ሠራተኛው ከፍተኛ ገቢ ባገኘባቸው 35 ዓመታት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የሚቆጠረውም በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያለው ዶላር እንጂ ዶላሩ ሚሲሲፒ ውስጥ የሚገዛው ነገር አይደለም። በእርጅናው ልጁ ወዳለበት አትላንታ ወይም ቺካጎ ቢሄድ ርካሹ ኪራይ አብሮት አይሄድም፤ ትንሹ ጡረታ ግን ይከተለዋል።

በሙያ ስብጥር ማሳበብም አለ፦ እኛ ጋ የሶፍትዌር ሰው ጥቂት ነው፣ ፋብሪካና እርሻ ይበዛል የሚል። መምህር ግን የትም መምህር ነው። በ2022 የመምህራን ደመወዝ በአማካይ 5,140 ዶላር ተጨመረ ተብሎ ተጨበጨበ፤ በ2023–24 የትምህርት ዘመንም የሚሲሲፒ መምህር አማካይ ደመወዝ ወደ 54,000 ዶላር ነበር፣ ከሁሉም ግዛቶች መጨረሻ። የአገሪቱ 72,000 ደርሶ ነበር።

ታዲያ መድኃኒቱ ግብር መቀነስ ነው ተባለ። ያላገባ ሠራተኛ 47,570 ዶላር ቢያገኝ፣ ለራሱ የሚፈቀድለት 6,000ና መደበኛው ተቀናሽ 2,300 ይነሳለታል፤ የመጀመሪያው 10,000ም ግብር አይነካውም። ግብር የሚከፈልበት 29,270 ይቀራል። ከ4 ወደ 3 በመቶ ሲወርድ የሚተርፈው 293 ዶላር ነው፣ ያውም በ2030። በሳምንት ስድስት ዶላር አይሞላም። ያው ሕግ በጋሎን ቤንዚን ላይ በሦስት ዓመት 9 ሳንቲም ግብር ይጨምራል፤ በዓመት 600 ጋሎን ከሚቀዳ ሰው 54 ዶላሩ መልሶ ይወሰድበታል ማለት ነው። የአስቤዛ ግብሩ ከ7 ወደ 5 በመቶ መውረዱ ጥሩ ነው፤ ሕጉ ውስጥ ያገኘሁት ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ዳውላውን እንዲህ ሲደበድቡ አህያዋ ዝም ብላ ቆማለች። ሚሲሲፒ የራሷ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ የላትም፤ የሚሠራው ከሐምሌ 2009 ወዲህ ያልተነቃነቀው የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ነው። ከተሞች የራሳቸውን እንዳይወስኑም በ2013 በሕግ ታግደዋል። በ7.25 ዶላር ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው 15,080 ዶላር ያገኛል። ቅድም ያልናቸው 6,000ና 2,300፣ ማለትም 8,300ው፣ ሲነሳለት 6,780 ይቀረዋል፣ ከ10,000 በታች። ዛሬ የሚከፍለው የግዛት ገቢ ግብር ዜሮ ነው። በ2030 የሚቀነስለትም ዜሮ ነው። ቤንዚኑን ግን ይቀዳል።