ጅምር ቤት ሲሸጥ ካርታው ብቻ ሳይሆን ኮለኑም ይመርመር

ከሰሚት ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ከካራ ወደ ለገጣፎ፣ ከሃና ማርያም ወደ ፉሪ የሚወስዱት መንገዶች ዳር ዳሩን በጅምር ቤቶች የተሞሉ ናቸው። አንዳንዱ ግሬድ ቢሙ (ከወለሉ ሥር ኮለኖቹን የሚያስረው አግዳሚ) ላይ ቆሟል። ሌላው ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ተሞልቶ የኮለኑ (የምሰሶው) ፌሮ እንደተገተረ ቀርቷል። ብሎኬቱ አልቆ ጣራ ሳይለብስ ክረምት የተፈራረቀበትም ብዙ ነው። ደላላው ሁሉንም የሚሸጠው ግን በአንድ ቋንቋ ነው፦ «ጅምር፣ 60 በመቶ ያለቀ፣ ካርታ ያለው»።

ገዢን ከምንም በላይ የሚያሳስተው ይህ «60 በመቶ» ነው። የቆመ ኮንክሪት ሁሉ የተቀመጠ ገንዘብ ይመስላል። ዓመታት ራቁቱን የቆመ ግንባታ ግን ሀብት ይሁን ዕዳ ሳይመረመር አይታወቅም። ስለዚህ የጅምር ቤት ሽያጭ ውል ሲፈጸም፣ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ የፈረመበት የግንባታ ሁኔታ ሪፖርት ከውሉ ጋር መያያዙ ግዴታ እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው ኮለን 0.27 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወስዳል። በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብንቆጥር አንድ ኩንታል ገደማ ነው። ስድስት ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቢኖረው ከመደራረቢያው ጋር 22 ሜትር ይሆናል፤ ሁለት ቤርጋ (ባለ 12 ሜትር ዘንግ) አይሞላም፣ 27 ኪሎ ነው። ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው 8 ሚሊ ሜትር ስታፋ ቢታከል ከ10 ኪሎ አይበልጥም። ሻጩ «ቆሟል» ብሎ የሚያስከፍልበት ኮለን በቁሳቁስ ደረጃ ይኸው ነው። ያው ኮለን ተበላሽቶ ሲገኝ ግን ከላዩ ያለውን ሶሌታ በድጋፍ ማቆም፣ የላላውን ኮንክሪት መፈርፈር፣ ዙሪያውን 10 ሴንቲ ሜትር አዲስ ኮንክሪትና ፌሮ ማልበስ፣ አዲሱን ፌሮ መሠረቱ ውስጥ በስቶ በኬሚካል ማሰር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከባዶ ከመሥራት ይበልጣል፤ ኮለኑም 50 በ50 ሆኖ ክፍሉን ይበላል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ለቀጣዩ ፎቅ ከተተወው ፌሮ ነው። ላይ ላዩን የያዘው ቡናማ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይለቃል፤ እሱ አያሳስብም። የሚያሳስበው በቅርፊት የሚነሳው ነው። ቅርፊቱን አራግፎ ፌሮውን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) መለካት ነው። 14 የነበረው 13 ቢሆን ትንሽ ይመስላል፤ ጥንካሬውን የሚወስነው ግን የተቆረጠው ፊት ስፋት ስለሆነ 14 በመቶው ሄዷል ማለት ነው። 12 ከሆነ ከሩብ በላይ ጠፍቷል። ብዙ ጊዜ የባሰው ቦታ ፌሮው ከኮንክሪቱ የሚወጣበት አንገት ነው፣ ውሃ የሚቆመው እዚያ ነውና። አንገቱ የቀጠነ ፌሮ ላይ አዲስ ፌሮ አስሮ ፎቅ መቀጠል አደጋ ነው። ኮንክሪቱ ወደ ታች ተፈርፍሮ ጤነኛው ፌሮ መገኘትና ከዚያ ላይ ቢያንስ የውፍረቱን 50 እጥፍ፣ ለባለ 14 ማለትም 70 ሴንቲ ሜትር፣ መደራረብ አለበት። ሰፈር ውስጥ ለመንገድ ሲባል ታጥፎ የነበረ ፌሮ መልሶ ሲቃና ደግሞ መታጠፊያው ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

እዚያው ላይ ሳሉ ስታፋውንም ይዩ። ጫፉ ወደ ውስጥ በ135 ዲግሪ ታጥፎ ኮንክሪቱን ካልነከሰ፣ ኮለንና ቢም በሚገናኙበት አካባቢም ስታፋው ካልተቀራረበ፣ ግንባታው ለመሬት መንቀጥቀጥ አልተዘጋጀም። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሱት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ይህን ጉዳይ የሩቅ ስጋት አድርጎ ማለፍ አይቻልም።

ኮንክሪቱን ለመፈተሽ ብዙዎች የሚያውቁት ኮንክሪቱን መትቶ ጥንካሬውን የሚገምተው መሣሪያ፣ ሽሚት ሀመር፣ ነው። ጠቃሚ ነው፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። ያረጀ ኮንክሪት ከአየር ጋር በመዋሃዱ ቆዳው ስለሚጠነክር መሣሪያው ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ከእሱ ጋር ትንሽ ኮንክሪት ሰብሮ አዲሱ ስብራት ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለ ቀለም ጠቋሚ ፈሳሽ መርጨት ያስፈልጋል፤ ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም። ደህናው ክፍል ሮዝ ይሆናል። ቀለም ያልያዘው ክፍል ፌሮውን ከዝገት የመጠበቅ አቅሙን አጥቷል። ቀለም አልባው ንብርብር ፌሮው ጋ ከደረሰ፣ ዝገቱ ገና ውጭ ባይታይም የጊዜ ጉዳይ ነው። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል፤ በኮለን ጥግ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቀጥ ያለ ስንጥቅ ምንጩ ይህ ነው። በእንደዚህ ያለው ስንጥቅ ላይ ልስን መለሰን ችግሩን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም። ከፌሮው ጀርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍቶ፣ ብረቱ እስኪያበራ ቦርሾ፣ የዝገት መከላከያ ቀብቶ፣ በጥገና ሞርታር ሞልቶ፣ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ማጠጣት ነው መንገዱ። ውሃ ማጠጣቱ ከተዘለለ አዲሱ ሞርታር ከአሮጌው ይላቀቃል።

የምሥራቁና የደቡቡ ዳርቻ፣ ከሰሚትና አያት እስከ አቃቂ፣ ገላንና ዱከም፣ ሌላ ጣጣ አለው፦ ገበሬው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ይኮማተራል። ጣራና አሸንዳ የሌለው ጅምር ቤት ከሶሌታው የሚወርደውን ውሃ በሙሉ መሠረቱ ሥር ያፈሳል፤ ስለዚህ ያለቀ ቤት ከሚደርስበት በላይ ይንቀሳቀሳል። በመስኮት ጥግ ሰያፍ የወጣ ወይም በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ ሠርቶ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ፣ በላዩ ላይ ስስ የጂብሰም ማኅተም ለጥፎ ቀን መጻፍ ነው። አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎ ማኅተሙ ካልተሰነጠቀ እንቅስቃሴው የቆመ ይመስላል። ገዢ ይህን ያህል ጊዜ ከሌለው ከአንድ ኮለን ጎን እስከ ፉቲንጉ (ኮለኑ የሚያርፍበት መሠረት) ታች የሚደርስ ጉድጓድ ያስቆፍር። ፉቲንጉ ጥቁሩ አፈር ላይ ነው ያረፈው ወይስ አልፎት? መልሱ ዋጋውን በግማሽ ሊቀይር ይችላል።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የጅምር ቤቱ መበስበስና የውሉ አሠራር ተያይዘው የሚሄዱ ናቸውና።

የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብት ሲተላለፍ፣ ሻጩ የሚያገኘውን በሦስት ነገር ይወስነዋል፦ የከፈለው የሊዝ ክፍያ ከባንክ ተቀማጭ ወለድ ጋር፣ የሠራው ግንባታ ዋጋ፣ እና ከማስተላለፊያው ዋጋ 5 በመቶ። ለቪላ ግማሽ ግንባታ የሚባለው መሠረቱ፣ ኮለኖቹና ቶፕ ታይ ቢሙ (ኮለኖቹን ከላይ የሚያስረው አግዳሚ) ሲያልቁ ነው። ለፎቅ ደግሞ ከመሠረቱ ጋር የወለሎቹ ግማሽ ሶሌታ ሲሞላ ነው። ዓላማው የመሬት ደላላነትን መግታት ነበር፤ ዓላማውን እደግፋለሁ። በተግባር ግን ሁለት ነገር አስከትሏል። አንደኛ፣ ጥራቱ ምንም ይሁን «ግማሽ» ለመድረስ ብቻ የሚጣደፍ ግንባታ። ሁለተኛ፣ በውል ፈንታ በውክልና የሚደረግ ሽያጭ።

የውክልናው መዘዝ ይታወቃል። ወካዩ፣ ማለትም ሻጩ፣ ሲሞት በመርህ ደረጃ ውክልናው ይቀራል፤ ገዢው ከወራሾች ጋር ይፋጠጣል። የትዳር ጓደኛ ሳይስማማ የተሸጠ የጋራ ቤትም በቤተሰብ ሕጉ መሠረት እንዲፈርስ ሊጠየቅ ይችላል። ክርክሩ እስኪያልቅ ጅምሩን የሚሸፍነው፣ ውሃውን የሚያፋስሰው ሰው የለም። ፌሮው የሚዝገው ፋይሉ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ሳለ ነው።

ስለዚህ ገዢ የማይዘላቸው ነገሮች አሉ። ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የጸደቀውን ፕላን፣ የሊዝ ውሉንና የመጨረሻ ክፍያ ደረሰኙን በዋናው ማየት። ከባለይዞታው ጋር መሬት አስተዳደር ሄዶ ዕዳና እግድ ማጣራት። በካርታው ኮኦርዲኔት ቀያሽ ወስዶ የቦታውን አራት ማዕዘን ማረጋገጥ፤ አጥሩ ከካርታው ይለያያልና። የመንገድ ወይም የወንዝ ዳርቻ ክልል ውስጥ አለመግባቱን ከፕላን ቢሮ መጠየቅ። በሊዝ ውሉ ላይ ያለው የማጠናቀቂያ ጊዜ አልፎ ከሆነ ማራዘሚያው በእጅ ሳይገባ ቀብድ አለመስጠት። ቦታው የትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነም መለየት ግድ ነው፤ በ2014 መጨረሻ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲወሰን ኮዬ ፈጬን የመሰሉ አካባቢዎች ወደ ኦሮሚያ ሄደዋል፣ ከዚያም የሸገር ከተማ ተመሥርቷል፤ የድሮ አድራሻ ይዞ የተሳሳተ ቢሮ የሚመላለስ ሰው ዛሬም አለ። ውሉ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተመዘገበ ዋስትና አይሆንም።

ይህን ሁሉ ያሟላ ገዢ እንኳ ስለ ኮለኑ አንድ ቃል የሚነግረው ሰነድ የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥራ ተቋራጩ ለሕንፃው ጥንካሬ የ10 ዓመት ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል። ጅምሩ ሦስት እጅ ሲያልፍ ግን መጀመሪያ ማን እንደሠራው የሚያውቅ ይጠፋል፤ ዋስትናውም አብሮ ይጠፋል። ክፍተቱን የሚሞላው ሪፖርት ረጅም መሆን የለበትም፦ በየኮለኑ የተለካ የፌሮ ውፍረት፣ የኮንክሪት ሽፋን፣ በቱንቢ የታየ ቀጥታነት፣ የመሠረት ጉድጓዱ ፎቶ፣ ግንባታው ከጸደቀው ፕላን ጋር መስማማቱ፣ የሚፈርሰውና የሚጠገነው ዝርዝር። አራት ገጽ ይበቃዋል።

«ሌላ የጉቦ በር ትከፍታላችሁ» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ስጋት ነው። ለዚህም ነው መርማሪው በመንግሥት ቢሮ ሳይመደብ ገዢው ራሱ የሚመርጠውና የሚከፍለው መሆን ያለበት። ቢሮው ሪፖርቱ መኖሩንና የፈራሚው ፈቃድ ያልተቋረጠ መሆኑን ብቻ ይይ፤ ይዘቱን አያጽድቅ። ሐሰት የጻፈ መሐንዲስ በፈቃዱና በካሳ ይጠየቅ። ባንኮች በሐራጅ ለሚሸጧቸው ጅምሮችም ይህ ይሥራ፤ ተጫራቹ ሲፒኦ ከማስያዙ በፊት የሚያነበው ነገር ይኑር።

እስከዚያው ገዝተው ገንዘብ እስኪሟላ ለሚጠብቁ ሰዎች ቅደም ተከተሉ ይለወጥ። ብዙዎች መጀመሪያ በርና አጥር ያስገጥማሉ። ቅድሚያ የውሃ ነው፦ ከሶሌታው ላይ ውሃ እንዳይቆም ተዳፋት ማስያዝ፣ ቧንቧ አድርጎ ከመሠረቱ ማራቅ፣ በዙሪያው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ 5 ሴንቲ ሜትር የሚዘቀዝቅ የሲሚንቶ ንጣፍና ቦይ መሥራት። ከዚያ የተገተረውን ፌሮ ቦርሾ በወፍራም የሲሚንቶ ውሃ መቀባትና በሳሳ (ሲሚንቶው ባነሰ) ኮንክሪት ማልበስ፤ ግንባታው ሲቀጥል በመዶሻ በቀላሉ ይሰበራል። የብሎኬቱን አናት በሞርታር መድፈን፣ ዝናብ በቀዳዳው ገብቶ ግድግዳውን ከውስጥ እንዳያርሰው። ይህን ከሰኔ በፊት ማጠናቀቅ ነው፤ በርና አጥሩ ከመስከረም በኋላ ይደርሳል።